ከድመት ኮቴ የተገመደ ገመድ

ጥቂት ዕቃ ግዙልን፦ የድመት ኮቴ ድምፅ፣ የሴት ጢም፣ የተራራ ሥር፣ የድብ ጅማት፣ የዓሣ ትንፋሽ፣ የወፍ ምራቅ። ስድስት ናቸው። መርካቶ የማይገኝ ነገር የለም የሚለውን ሰው ሁሉ ይቺን ወረቀት አስይዛችሁ ላኩት። የድብ ጅማት አለኝ የሚል ደላላ አይጠፋ ይሆናል፤ መቼም ደላላ ምን ይሳነዋል! የቀረውን ግን ሸማ ተራ ቢሄድ፣ በርበሬ ተራ ቢዞር፣ ምናለሽ ተራን ቢያገላብጥ አያገኘውም። ባለሱቁም ዝርዝሩን አንብቦ ቀና ሲል «ወንድሜ፣ ደኅና ነህ?» ማለቱ አይቀርም።

ዝርዝሩ የእኛ ፈጠራ አይደለም። እኛ ማለት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሲዘጋ አንድ ክፍል ውስጥ ተጠራቅመን ያነበብነውን የምናወጋ ስድስት ሰባት ሰዎች ነን፤ ሰሞኑን የገባንበት ወሬ ደግሞ በተረት ዓለም ውስጥ ዕቃ ከምን ከምን ይሠራል የሚል ነው። የድመቱን ኮቴ ያገኘነው ከአይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሶን ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1220 ገደማ ኤዳ የሚባለውን መጽሐፍ ሲያዘጋጅ የአገሩን የጥንት አማልክት ታሪክ ሰብስቦ ጻፈ። ከዚያ ውስጥ አንዱ የተኩላው የፌንሪር ታሪክ ነው።

አማልክቱ ፌንሪርን ከግልገልነቱ ጀምረው እቤታቸው ያሳድጉታል። ግልገሉ ግን ቀን በቀን እየገዘፈ ሄደ፤ ጥፋታቸውም በእርሱ እንደሚመጣ ትንቢት ነበረና ፈሩት። እንሰረው አሉ። ሌዲንግ የሚባል ማሰሪያ አምጥተው «እስቲ ጉልበትህን ሞክርበት» አሉት፤ አንዴ ቢፈራገጥ ተበጣጠሰ። ዕጥፍ የሚጠነክር ድሮሚ የሚባል ሌላ አመጡ፤ እርሱም ብትንትኑ ወጣ። ጨንቋቸው ከመሬት በታች ወደሚኖሩት ድንክ አንጥረኞች መልእክተኛ ላኩ። ድንኮቹ እነዚያን ስድስት ነገሮች ገምደው ግሌይፕኒር የሚባል ገመድ ሰጧቸው። ገመዱ ቢዳስሱት እንደ ሐር ጥብጣብ የለሰለሰ፣ ቢያዩት የሕፃን አንገት ክር የሚመስል ነው። ተኩላውን የያዘው እሱ ሆነ።

ስኖሪ የእኛ አገር አዝማሪ ቢሆን ኖሮ የሚያስቀና ነገረኛ ይወጣው ነበር። ዝርዝሩን ከነገረን በኋላ ‹ላታምኑኝ ትችላላችሁ› የሚል ፊት ያሳየንና ማስረጃውን ከእጃችን ላይ ይወስዳል፦ ሴት ጢም እንደሌላት አይታችሁ የለ? ድመት ስትሮጥ ኮቴዋ አይሰማም፤ ከተራራ ሥርም ሥር የለም፤ እንግዲህ እነዚህን በዓይናችሁ ካረጋገጣችሁ የቀረውንም እመኑኝ ነው ነገሩ። እኛ ስንተረጉመው ድመት ኮቴዋ የማይሰማው ድምፁ ለገመዱ ተወስዶ ስላለቀ ነው። ተራራም ሥር የሌለው ተነቅሎ ስለተገመደ። ይኸ ሐሰት እውነትን ምስክር አድርጎ ሲቆም ማየት ነው። በፍርድ ቤት ቢሆን ዳኛው ምን እንደሚል እንጃ፤ በክፍላችን ግን ጉባኤው በሳቅ ፈርሷል።

ሳቁ ካበቃ በኋላ ከመካከላችን አንዱ «እንዴ፣ ይኸማ የእኛው ተረት ነው!» አለ። እውነቱን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚል ቋንቋ እያለን የሐር ጥብጣብ ተኩላ አሰረ ቢሉን ምን ይገርመናል? ሰንሰለት ያቃተውን ክር ሲያስረው ማየት ለእኛ ከእናት ጓዳ የመጣ ዕውቀት ነው። ግን ልዩነት አለው። የእኛ ድር ያለ ነገር ነው፤ እናቶቻችን በእንዝርት የሚፈትሉት፣ ሸረሪትም በጎጆ ጣራ ላይ የምታደራው ነው፤ ኃይሉም ከመብዛቱና ከማበሩ ይመጣል። የድንኮቹ ክር ግን የሌለ ነገር ነው፤ ኃይሉ የሚመጣው ከዓለም ላይ ከጎደለው ነው። የእኛው ስንት ሆናችሁ ተያያዛችሁ ብሎ ይጠይቃል፤ የእነርሱ ምን አጣችሁበት ብሎ ይጠይቃል። ይቺን ሁለተኛዋን ጥያቄ ያዙልን።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ተነሣ። መቼም ተማሪ ተሰብስቦ ተቃውሞ ሳይነሣ አይበተንም። «ይኸ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው» አለ አንዱ ጓደኛችን። «ስኳር ለመግዛት ሰልፍ የሚቆም ሰው ባለበት አገር የዓሣ ትንፋሽ ኪሎው ስንት ገባ እያልን እናመሻለን?» መልስ የሰጠችው ልጅ ብዙ አትናገርም፤ ስትናገር ግን ትጨርሳለች። «አንተ ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ ተናግረኸዋል? ወተቷን ጠጥተህ ነው? የሌለችዋን ላም ያመጣሃት በምድር ያለችው ላም ለምን ለአንተ እንዳልደረሰች ለመናገር ነው» አለችው። ሰውየው ዝም አለ፤ ወሬው ቀጠለ። የሌለ ዕቃ የሚጠቅመው ያለውን ዕቃ ዋጋ ለመመዘን እንደሆነ ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ተስማምተናል ማለት ይቻላል።

ስናነብ ቆይተን አንድ ነገር አስተዋልን። ጎበዝ ተረት ሠሪ «ተአምረኛ መድኃኒት ነበር» ብሎ አያልፍም፤ እንደ ባልትና ባለሙያ ልኩን ይነግርሃል። አሜሪካዊው ፍራንክ ባውም እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው የኦዝ ልብ ወለድ ውስጥ ኦጆ የሚባል ልጅ አለ። አጎቱ አንድ ጠንቋይ የሠራው ፈሳሽ ፈሶበት እብነ በረድ ሆኖ ቀርቷል። ለማዳን አምስት ነገር ያስፈልጋል፦ ባለ ስድስት ቅጠል ማገጥ፣ የቢጫ ቢራቢሮ የግራ ክንፍ፣ ብርሃን ካልነካው ጉድጓድ የተቀዳ ጥቂት ውኃ፣ ውዚ ከሚባል እንስሳ ጅራት ጫፍ ሦስት ፀጉር፣ ከሕያው ሰው አካል የወጣ አንድ ጠብታ ዘይት። ልብ በሉ፤ የቀኙ ክንፍ አይሆንም፤ አራት ፀጉርም አልተባለም። ይኸ ልክነት ነው ውሸቱን የሚያቆመው። በአገራችንም ባለውቃቢው ዶሮ አምጡ ብሎ አይተውም፤ ገብስማ ትሁን፣ ቀይ ትሁን፣ ነጭ ትሁን ይላል። ቤተሰቡ ገብስማ ዶሮ ፍለጋ ሦስት ገበያ ሲዞር ሕመምተኛው ቢሻለውም ባይሻለውም፣ ፍለጋው ራሱ እምነት ይሆናል።

የኦጆ ፍለጋ እያሳቀ ይሄዳል። የውዚ ፀጉር ቢጎትቱት አልነቀል ስላለ እንስሳውን እንዳለ ይዘውት ይጓዛሉ። ቅጠሉን መቁረጥ በአገሩ ሕግ የተከለከለ ነበርና ልጁ ይታሰራል። ዘይቱን ከቆርቆሮው ሰው መጋጠሚያ አገኙት፤ እርሱ ሕያው ነው፣ መገጣጠሚያውም በዘይት ነው የሚሠራው። የቀረው የቢራቢሮው ክንፍ ብቻ ሆነ። እሱማ ቀላል ነው ትሉ ይሆናል፤ የቢጫ ቢራቢሮ አገር የቆርቆሮው ሰው የሚገዛው አገር ነው። ነገር ግን ያ ከቆርቆሮ የተሠራው ሰው ቢራቢሮ ክንፏ ሲቀነጠስ ሕመሟን አስባችኋል ወይ ብሎ እንቢ አለ። ልጁ አለቀሰ፤ ሰውየው አልተበገረም። አጎትየው በመጨረሻ በሌላ መንገድ ዳነ፤ ቢራቢሮዋም ከነክንፏ በረረች። አንድ የሕፃናት መጽሐፍ፣ የዕቃ ዝርዝር ሲነበብ ‹ዕቃው ምን ይላል?› ብሎ የሚጠይቅ አንድ ገጸ ባሕርይ አስገባ። ያውም ሥጋና ደም የሌለውን።

ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው የቀለበቱ ታሪክ የመጀመሪያ ክፍል ላይ ሚስሪል የሚባል ማዕድን አለ። እንደ መዳብ ይቀጠቀጣል፣ እንደ መስታወት ይወለወላል፣ መልኩ ብር ነው፣ ግን እንደ ብር አይጠቁርም፤ ቀላል ነው፣ ግን ከብረት ይጠነክራል። አያችሁ ዘዴውን? የማናውቀውን ብረት ከምናውቃቸው ዕቃዎች ጥቂት ጥቂት ተበድሮ ሠራው። ከዚህ ብረት የተሠራች አንዲት ጥሩር ዋጋዋ ሆቢቶች ከሚኖሩበት አገር ከነንብረቱ ይበልጣል፤ ለባሹ ግን ያን ሁሉ ዘመን አያውቅም። ወዲያው ደግሞ ሒሳቡ ይመጣል። ድንኮቹ ሚስሪልን ሲከተሉ ሞሪያ በሚባለው ተራራ ውስጥ ከልክ በላይ ጠልቀው ቆፈሩ፤ ከሥሩ ተኝቶ የነበረውን ባልሮግ የሚባል የእሳት ጭራቅ ቀሰቀሱ፤ ከተማቸው ባዶ ቀረ። ብረቱ የተመሰገነበት አንደበት ጥፋቱንም አብሮ ይናገራል።

ታናናሾቻችን ይኸን ሁሉ በመጽሐፍ ሳይሆን በኮምፒውተር ያውቁታል። ማይንክራፍት በሚባለው ጨዋታ ውስጥ ውኃ የቀለጠ አለት ላይ ሲፈስ ባልጩት ይወጣል፤ እሱን ለመቁረጥ የአልማዝ ዶማ ያስፈልጋል። ልጆቹ ይኸን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይሉታል። የሚገርመው ግን ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባለው በመልካ ቁንጡሬ፣ ሰው ባልጩት እየፈለጠ መሣሪያ ያበጅ የነበረው ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት መሆኑን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቀዋል። ያን ጊዜ የአልማዝ ዶማ አልነበረም፤ ድንጋይን በድንጋይ ነው። ልጁ በሕልም ዓለም የሚቆፍረው ዕቃ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ሊያየው የሚችለው ነው። ይኸን የነገርናቸው ልጆች «እውነት? እኛ አገር?» ነው ያሉት።

እውነት ከተረት ጋር የሚገናኝበት ሌላም ቦታ አለ። ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1726 በታተመው የገሊቨር ጉዞ መጽሐፉ ላጋዶ በሚባል ከተማ ያሉትን ሊቃውንት ያሾፍባቸዋል። አንዱ 8 ዓመት ሙሉ ከዱባ ዘመድ ከኪያር ውስጥ የፀሐይ ጨረር ለማውጣት ሲደክም ኖሯል፤ ጨረሩን በጠርሙስ አሽጎ ብርድ ሲሆን ሊለቀው ነው። ሌላው የሐር ትል ትቅር፣ ሸረሪት ትፍተልልን ይላል፤ ሸረሪቶቹ ባለቀለም ዝንብ ቢበሉ ክሩ ተነክሮ ይወጣል ባይ ነው። አንባቢ ይስቃል፤ ስዊፍትም እንዲሳቅ ነው የጻፈው። ነገር ግን ከመጽሐፉ 15 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ቦን የሚባል ፈረንሳዊ ከሸረሪት ክር ካልሲና ጓንት አሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ለንደን ውስጥ በማዳጋስካር ሸረሪቶች ክር የተሠራ ካባ ለሕዝብ ታይቷል። ቀለም ሳይነካው ወርቃማ ነው። ለእሱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሸረሪት እየተያዘ ክሩ ከተሳበ በኋላ ወደ ዱር ተለቋል። ድር ሲያብር ካባም ይሆናል ማለት ነው፤ አንበሳውን የሚያመጣ ይምጣ።

እንግዲህ አንድ እንቆቅልሽ ከእኛ። ሌሊት ሌሊት የሚሄድ፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር ጭንብል ያጠለቀ አንድ አውሬ አለ። ከጅራቱ ሥር የሚወጣው ቅባት ሲሸቱት አፍንጫ ያስይዛል፤ በጣም በጣም ሲያቀጥኑት ግን ልብ የሚያጠፋ ሽታ ይሆናል። ቅባቱ በበሬ ቀንድ ተሞልቶ ባሕር ይሻገርና ምድር ጥግ ባሉ ወይዛዝርት አንገት ላይ ይንቆጠቆጣል። ይኸን ስኖሪ ቢጽፈው የሚያምን አይኖርም። እሱ ግን ዝባድ ነው፤ አውሬው ጥርኝ፤ ቀንዱም የእኛው በሬ ቀንድ። አገራችን ለብዙ ዘመን ለዓለም ሽቶ ሠሪዎች ዋናዋ የዝባድ ምንጭ ነበረች። የሽታውን ዋና ነገር ተፈጥሮ ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1926 ፈታው፤ በ1939ም የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆነ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሽቶ ሠሪዎች ወደ ሰው ሠራሹ ዞረዋል።

ይኸን ስናወራ ከምዕራቡ ክፍል የመጣ ጓደኛችን ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና «ጥርኙን አይታችሁታል?» አለን። እርሱ በልጅነቱ አይቷል። ከእንጨት በተሠራ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ነው የሚኖረው፤ እንዲዞር አይፈቀድለትም፤ ቤቱ ጭስና ሙቀት ነው። በየጥቂት ቀኑ ተይዞ ቅባቱ ይፋቃል። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ከዚያ በሚገኘው ገንዘብ ልጅ ያስተምራሉ፣ ግብር ይከፍላሉ። «ሌሊት ሲሄድ የምትሉት አውሬ አንድም ሌሊት አይሄድም» አለ። ለጊዜው የሚናገር ጠፋ። የድመት ኮቴ ድምፅ ወዴት እንደሚሄድ የገባን ያን ማታ ነው። በተረቱ ዓለም ድመት ድምፅዋን አጣች ሲባል እንስቃለን፤ በእኛው ዓለም የሚሄድበትን ሌሊት ያጣ የድመት መሰል አለ፤ የሚስቅ ግን የለም።

አሁን ወደ ተኩላው እንመለስ፤ እንዴት እንደታሰረ አልጨረስንም። ፌንሪር ቀጭኑን ጥብጣብ ሲያይ ጠረጠረ። ክሩ ተራ ክር ከሆነ መበጠሱ ክብር የለውም፤ ተንኰል ካለበት ደግሞ አልነካውም አለ። ግድ ካላችሁኝ ከእናንተ አንዱ ለመተማመኛ እጁን በአፌ ውስጥ ያኑር አለ። አማልክቱ ተያዩ። እጁን የዘረጋው ቲር ብቻ ነበር፤ ተኩላውን በግልገልነቱ ደፍሮ ይመግበው የነበረውም እርሱ ነው። ገመዱ ጠበቀ፤ ተኩላው ተፈራገጠ፤ ገመዱ ባሰበት። ሁሉም ሳቁ፤ ቲር አልሳቀም። እጁ ቀርታለች።

ስለዚህ ዝርዝሩ ስድስት አይደለም፤ ሰባት ነው። ሰባተኛው የቲር እጅ ነው፤ በድንኮቹ ወረቀት ላይ አልሰፈረም እንጂ ያለ እርሱ ገመዱ ተኩላው አንገት ላይ አይገባም ነበር። እኛ ካነበብናቸው ዝርዝሮች ሁሉ ውስጥ ይቺ ያልተጻፈች ሰባተኛ አለች። የሚስሪል ሰባተኛው የሞሪያ ከተማ ነው። የዝባዱ፣ የጥርኙ ሌሊት። የቆርቆሮው ሰው ያደረገው ነገር ቢኖር ሰባተኛውን ከመከፈሉ በፊት ስሙን መጥራቱ ነው።

እዚህ ላይ ስንደርስ ነገሩ ወደ ቤታችን ገባ። ስለ ሠሪዎቹስ? የሰሜን አማልክት ለጨነቃቸው ነገር ወደ ድንኮች ሄዱ፤ የገመዱን ስም ጻፉት፣ የተኩላውን ስም ጻፉት፣ የላኩትንም መልእክተኛ ስሙን ጻፉት፤ ገመዱን የገመዱት ድንኮች ግን ስም የላቸውም። በእኛም አገር ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን የሠራው ሰው ምን ተባለ? ቡዳ ተባለ። ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። ጥበብ የሚለው ቃላችን ዕውቀት ማለት ነው፤ የቀሚስ ጥለትም ጥበብ ነው፤ ከዚያው ሥር የወጣው ጠይብ ግን ስድብ ሆነ። በዓል ሲሆን ጥበቡን ለብሰን እንወጣለን፤ በጉድጓድ አፍ ተቀምጦ፣ እግሩን ከታች እያንቀሳቀሰ መወርወሪያ ሲያመላልስ የሠራውን ሰው ግን ልጃችንን አንድርለትም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ስድቡ ግን አሁንም ከማን አፍ እንደሚወጣ እናውቃለን።

ከመካከላችን አንዱ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። ይኸን ሲነግረን ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል። ታች ክፍል ሳለ የአባትህ ሥራ ምንድን ነው ሲባል «ገበሬ» እያለ ይመልስ ነበር፤ ምክንያቱም አንድ ቀን እውነቱን የተናገረ የአክስቱ ልጅ ከዚያ በኋላ አብሮት እንጀራ የሚቆርስ አላገኘም። አባቱ ወናፉን ሲነፉ ከሰሉ እንዴት እንደሚቀላ፣ ብረቱ በጉጠት ተይዞ ከእሳት ሲወጣ ቀለሙን አይተው ‹አሁን› የሚሉበትን ቅጽበት፣ ውኃ ውስጥ ሲነከር የሚያወጣውን ድምፅ ነገረን። ቀዩ ወደ ብርቱካን ሲያደላ ለማጭድ ይሆናል፣ እሱ ካለፈ ግን ብረቱ ይበላሻል ይላሉ አሉ አባቱ። ወገኖች፣ ቶልኪን ይኸን ቢሰማ ደብተር ያወጣ ነበር። እኛ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ዓመት ያህል አልሰማነውም፤ ልጁ የሚናገርበት ቦታ አልነበረውምና።

በመጨረሻ እኛም የራሳችንን ዝርዝር እናውጣ ተባባልን። የሰሜን ሰዎች ተኩላቸውን ካሰሩ እኛ ጅባችንን ብናስርስ? ከብዙ ክርክር በኋላ ይኸ ጸደቀ፦ የጅብ ይሉኝታ አንድ ቁና፤ የቁራ መልእክተኛ ይዞት የተመለሰው መልስ፣ እንደታሸገ፤ የሰማይ ላም ወተት አንድ ቅል፤ የእባብ ኮቴ ጥንድ፣ የግራና የቀኙ ሳይለዋወጥ፤ የነፋስ ጥላ አንድ ክንድ ተኩል፤ የአህያ ቀንድ፣ በሞረድ የተፋቀ። ማስረጃ ካላችሁ እንደ ስኖሪ እንመልሳለን። ጅብ ይሉኝታ የለውም፤ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ሲል ሰምታችኋል። ቁራም ከኖኅ መርከብ እንደወጣ ቀርቷል። እባብ በሆዱ ይሄዳል፤ አህያም መላጣ ግንባሯን ይዛ ትኖራለች። እንግዲህ ሁሉም ለገመዱ ተወስደው አልቀዋል ማለት ነው። ሥራው ተጀምሯል፤ ዕቃው ተሟልቷል።

«ማን ይገምደዋል?» አለች ያቺ ብዙ የማትናገረው ልጅ።

ሁላችንም ወደ ቀጥቃጩ ልጅ ስንዞር ሳቀ። ሳቁ ደስ የሚል ዓይነት አልነበረም። «ጅብ ነህ ያላችሁትን ሰው ለጅብ ማሰሪያ ሥራልን ልትሉት?» አለ። ከዚያ ቆየት ብሎ፣ አባቱ ይሠሩት እንደነበር፣ ግን አስቀድመው አንድ ነገር እንደሚጠይቁ ነገረን። ተኩላው የጠየቀውን ዓይነት፤ ከእናንተ አንዱ እጁን ያምጣ ነው የሚሉት፤ ሊነክሱት አይደለም፤ ከአንድ መሶብ አብሯቸው እንዲቆርስ ነው።

እንግዲህ ሰባተኛውን ዕቃ ከእነመጠኑ ጽፈነዋል። በዚህ ጽሑፍ ገጽ ላይ በሌላ ጊዜ ዘንዶ የሚታረድበት ሰይፍ፣ ሰማይ የሚያስወጣ መሰላል የምትፈጥሩ ጓደኞቻችን ካላችሁ ፍጠሩ፤ ከተራራ ሥርም ከዓሣ ትንፋሽም ሥሩት፤ እኛ ለማንበብ ዝግጁ ነን። ዝርዝሩን ስታወጡ ግን ሰይፉን ማን እንደቀጠቀጠው፣ ምን ያህልም እንዳስከፈለው ከወረቀቱ ግርጌ ላይ ጨምሩበት። የእኛው ገመድ ገና አልተገመደም። በሚቀጥለው በዓል ወደ ጓደኛችን ቤት እንሄዳለን፤ እናቱ ዶሮ ይሠራሉ አሉ፤ ስንት ሆነን እንደምንሄድ እየተቆጠረ ነው።